ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ ማሳጠር፣
የሁለት ሰዓት ክርክር በሦስት መስመር ማሠር።
«ሰፊ ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደረሰ» —
ይህን ስንቴ ጻፍኩት! ቀኑ ብቻ እየታደሰ።

ጅማ የገባን ሌት ዝናቡ አላባራ፤
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ሲያስፈራ።
ሦስት መኪና ነበርን፤ አንዱ የትምህርት፣
አንዱ የምርምር፣ አንዱ የፈጠራ ቤት።
የኛ መሥሪያ ቤት ግን መኪናው ጋራዥ ገብቶ፣
አስተባባሪው ራሱ በሰው ወንበር ተጠግቶ
ከኋላ ተቀመጠ፣ ፋይሉን ታቅፎ እንደ ልጅ፤
«ማስተባበር» አለኝ፣ «መንዳት አይደለም እኮ፤ መለመን ነው እንጅ።»

በማግስቱ ኪቶ፣ በትልቁ አዳራሽ፣
ስላይድ ተከፈተ፤ ሦስት ክብ፣ ቀስት ሂያጅ፣ ቀስት መላሽ።
በክቦቹ መሐል፣ በቢጫ ተቀብታ፣
ሦስቱም የሚነኳት፣ ባለቤት ያጣች ቦታ።
«እኛ እዚህ ነን» አለ አለቃዬ፣ ጣቱን ዘርግቶ ከሩቅ፤
መብራት ሄደ። ቢጫዋም ድርግም፣ እልቅ።

ጄኔሬተር እስኪነሳ በረንዳ ላይ ወጣን፣
ዝናብ ስናይ ቆመን፣ የምንለውን አጣን።

ዶክተር ሂክመት አለች፤ ስድስት ክረምት ሙሉ
ሻጋታ ስትቆጥር ዓይኖቿ የዛሉ።
ጽፋለች፣ ታትሟል። መደምደሚያው አጭር፦
«በቆሎው ቶሎ ቢደርቅ ሻጋታው አይኖርም ነበር።»
ማድረቂያ ግን ከየት? እሱ የሷ ክፍል አይደለም፤
ጥናቷ ባሕር ማዶ ተነቧል፤ ሰቃ ማንም አላየም።

ነዚፍ አባ ጊዲ አለ፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ብየዳ ሲያስተምር፣
ከበርሜል፣ ከቆርቆሮ፣ ከብስክሌት ፔዳል ሲያዳምር፣
ማድረቂያ ሠርቷል። ሠርቶም ተሸልሟል፤
ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ፣ ማሽኑ ጓሮ ቆሟል።
«እስካሁን ምን አደረቀ?» ብላ ብትጠይቀው፣
«የልጆቼን ዩኒፎርም» አለ፣ ሳቅ እየተናነቀው።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ሙቀቱ ስንት ይደርሳል?»
«ሃምሳ ዲግሪ ያልፋል፤ ሲዘንብም በከሰል ይታገሳል።»
«የት ነው ያለው?» «ከአዌቱ ማዶ፤ ካንቺ ቢሮ ሃያ ደቂቃ።»
ዝም አለች፤ ቆርቆሮው ላይ የዝናቡ ድምፅ እያበቃ።

ድልድይ አለ እኮ መሐል፤ ባጃጅ ይሻገራል፣ በግ ይሻገራል፤
ወረቀት ግን ካንዱ ዳር ሌላው ዳር ሊደርስ፣ አዲስ አበባን ይዞራል።

አንዲት አስተማሪ ከሰቃ፣ ጥግ ቆማ ስትሰማ፣
«ልጆቼ ይለኩልናል» አለች፣ «ቴርሞሜትር ከተገኘማ።»
ነዚፍ ወረቀት ፈለገ፤ አጀንዳዬን ነጠቀኝ፣
ጀርባው ላይ ሊሥል ጎንበስ ብሎ እስኪብርቶም ጠየቀኝ።

መብራት መጣ። ገባን። አጀንዳ አራት፣ አምስት፣ «ልዩ ልዩ»፤
ሦስቱ ክቦች ግድግዳው ላይ እንደገና ሲታዩ።

ማታ ጻፍኩ፦ «በኃይል ችግር ጉባኤው አርባ ደቂቃ ተቋርጧል» —
መዝገቡ ይኸን ብቻ ይላል። እውነቱ ተገልብጧል።
ያን ጊዜ ነው የተጀመረው! በየትኛው ተራ ቁጥር ልክተተው?
ወይስ እንደ ወጉ ልተወው?

አለቃዬን ጠየቅኩት፤ እንቅልፍ እያዳፋው፣
«መብራት መሄድ በዕቅድ አይያዝም» አለ፤ «አባሪ ግን ማን ይከለክልሃል? ጻፈው።»

አባሪ ሦስት፦ አንድ ገጽ። የበርሜል ሥዕል፣ በዝናብ የራሰ፤
ሦስት ስልክ ቁጥር፤ «ሰቃ» የሚል ቃል፣ ግማሹ የፈረሰ።
ማኅተም መታሁበት። ቀለሙ እርጥቡ ላይ ሰፋ፤
ሦስቱንም ቁጥር ነካ፣ አንዱንም ሳያጠፋ።

በቆሎው ደርቆ እንደሁ አላውቅም። ደብዳቤው «ወጪ» ሆኗል፤
«ገቢ» እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ጅማ፣ በሬዲዮ ሰማሁ፣ ዛሬም ዘንቧል።